ባለጉዳይዋ ማን ናት?

መሥሪያ ቤቶቻችን «ባለጉዳይ» ማለት ትተው «ተገልጋይ» ማለት ከጀመሩ ሰነበቱ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ያደረብኝ የቃላት ጥርጣሬ ዛሬም አልለቀቀኝምና፣ በለውጡ አንድ ነገር የጎደለ ይመስለኛል። ተገልጋይ ሌላው ያዘጋጀለትን ይቀበላል፤ ባለጉዳይ ግን የጉዳዩ ባለቤት ነው።

እስቲ በወላድ እናት እንየው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። ለየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ተመደቡ። ጤና ኬላ ተሠራ፣ ክትባት ደረሰ፣ መጸዳጃ ቤት ተቆፈረ። ትልቅ ሥራ ነው። የእናቶች ሞት ግን አልነቃነቅ አለ። የ1997ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ለሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 673 እናቶች እንደሚሞቱ ገመተ፤ የ2003ቱ ደግሞ 676። በጤና ተቋም የሚወለዱትም ገና ከመቶ 10 ነበሩ።

ምን ጎደለ? መንገድ፣ አምቡላንስ፣ አዋላጅ። ከገጠር ወደ አማን ሆስፒታል በክረምት ጭቃ ቃሬዛ የተሸከመ ያውቀዋል። ግን ሌላም አለ። ቤቷ ስትወልድ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ገንፎ ይገነፋል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ዘመድ በር ላይ ይቀራል፤ አፏን በቤንችኛ የፈታች እናት ባዳ መሐል ተኝታ በአማርኛ «ግፊ!» ትባላለች።

ሁለት ዓይነት መፍትሔ ታየ። አንዳንድ ቀበሌ ቤቷ የወለደችን እናት መቅጣት መረጠ። ሌላው ጠየቃት፤ ከዚያም የእናቶች ማቆያ ሠራ፣ በጤና ጣቢያው ግቢ ገንፎ አስገነፋ፣ ቡና አስፈላ። በ2008ቱ ጥናት በጤና ተቋም የሚወለዱት ከመቶ 26 ደረሱ፤ የሞቱም ግምት ወደ 412 ወረደ። ሁሉንም ገንፎ አመጣው አልልም፤ አምቡላንሱም አዋላጇም አሉበት።

«ሕይወት ካዳነ ቅጣቱ ምን ክፋት አለው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ደም ለሚፈሳት ሴት ፍልስፍና አይደርስላትም። ነገር ግን ቅጣት የፈራች እናት ምጧን ትደብቃለች፤ ደሙ ሲበረታባትም ተደብቃ ነው። በጉልበት የመጣ ለውጥ ተቆጣጣሪው ዞር ሲል አብሮት ይሄዳል። ከሁሉ በላይ፣ የምትሞተው እሷ ሆና ሳለ ምን እንደከለከላት ሳይጠይቁ መቅጣት ግፍ ነው።

የደቡብ ምዕራብ ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ሚዛን አማን ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ሆነች። መዋቅር ሲለወጥ መጀመሪያ የሚለወጠው ማኅተም ነው፤ ይህ አይከፋም። አዲሱ ማኅተም ከመመታቱ በፊት ግን ከደጅ የቆመችውን ሴት አስገብቶ «ምን አስቸገረሽ?» ማለት ይቀድማል። መልሱንም የምታውቀው ባለጉዳይዋ ናት።