የቀረችው ምስክር



ስለ እምነቱ የሞተውን ሰው ቤተ ክርስቲያን ታስበዋለች፤ ስሙን በድንጋይ ላይ ትቀርጻለች፤ የሞተበትንም ቀን ታከብራለች። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን እርሱ በሞተ ማግሥት ተነሥታ እሳት ያነደደችውን፣ ልጆቹን ያበላችውንና ያሳደገችውን ሴት ማን ያስባታል? እንግዲህ ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለ እውነት በአንድ ቀን መሞትና ስለዚያው እውነት አርባ ዓመት መኖር፣ ከሁለቱ ምስክርነት የሚባለው የትኛው ነው?

ነገሩን በሐሳብ ብቻ እንዳንተወው ወደ ኡጋንዳ ዋና ከተማ ወደ ካምፓላ እንመልከት። ከተማይቱ በኮረብቶች ላይ የተሠራች ናት። ከኮረብቶቹ አንዱ ናሚሬምቤ ይባላል፤ ስሙም በአገሩ ቋንቋ ሰላም ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ከአቾሊ አገር የመጡት ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉዉምና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሜሪ ልጆቻቸውን ይዘው የሚኖሩት በዚህ ኮረብታ ላይ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ጥር 28 ቀን፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን የኢዲ አሚን ወታደሮች የጦር መሣሪያ ደብቃችኋል ብለው ቤታቸውን በረበሩ። የተኙትን ልጆች ቀሰቀሱ፤ ወደ እህል ማስቀመጫውም ገብተው ሰሊጡን፣ ለውዙን፣ ባቄላውንና ማሽላውን እየወጉ ፈተሹ። ነገር ግን ምንም መሣሪያ አላገኙም። በዚህ ጥቂት እናስተውል። የቤት እመቤት የምታከማቸውን ሁላችን እናውቃለን፤ በነጋ ጊዜ ልጆች የሚበሉትን ነው። መሣሪያ የፈለጉት ሰዎች ያገኙት የእናት ድካም ነበር።

ዐሥራ አንድ ቀን ቈይቶ፣ የካቲት 9 ቀን፣ ሊቀ ጳጳሱ ከሁለት ሚኒስትሮች ጋር ተያዙ፤ በማግሥቱም በመኪና አደጋ ሞቱ ተብሎ በራዲዮ ተነገረ። በናሚሬምቤ ከጳጳስ ሃኒንግተን መቃብር አጠገብ መቃብር ተቈፍሮላቸው ነበር፤ ነገር ግን አስከሬኑ ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ሙቺዊኒ ተወስዶ በዚያ ስለ ተቀበረ፣ ያ መቃብር ባዶውን ቀረ። ወይዘሮ ሜሪም ከልጆቻቸው ጋር ወደ ኬንያ ተሰደዱ።

ከዚያ በኋላ የሊቀ ጳጳሱ ስም በዓለም ተሰማ። በ1990 ዓ.ም. ለንደን በሚገኘው በዌስትሚንስተር ገዳም በር ላይ ከሌሎች ዘጠኝ ሰማዕታት ጋር ምስላቸው በድንጋይ ተቀርጾ ቆመ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም የሞቱበት ቀን በኡጋንዳ የሕዝብ በዓል ሆነ። ወይዘሮ ሜሪ ግን 42 ዓመት በመበለትነት ኖረው በ2011 ዓ.ም. ዐረፉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። በእኛም አገር የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ 21 ቀን ተወስደው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም በሚቀጥለው ዓመት ታስረው፣ ፍርድ ሳይሰጣቸው ወደ ዐሥር ዓመት ያህል በወኅኒ ቈዩ።

ምናልባት አንድ ሰው፣ “የሞተው ሁሉን ሰጥቷል፤ የቀረችው ግን ሕይወቷ ተርፎላታል” ይል ይሆናል። እኛም የሰማዕቱን ክብር አናሳንስም። ነገር ግን ሁሉን መስጠት በሁለት መንገድ ይሆናል። አንዱ ያለውን በአንድ እጅ አንሥቶ ይሰጣል፤ ሌላይቱ ግን ያንኑ በየማለዳው ጥቂት ጥቂት እያለች ትቈጥራለች። የፊተኛው ጭንቀት ያልፋል፤ የኋለኛይቱ ግን ሕፃኑ አባቱን በጠየቀ ቍጥር ይታደሳል። ሰማዕቱ አንድ ጊዜ እሺ ብሏል፤ እርስዋ ግን እሺታዋን በየዕለቱ መድገም ይገባታል፤ በማንኛውም ጧት ልትመረርና ልትተወው ትችላለችና። ስለዚህ የሁለቱ ምስክርነት አንድ ነው እንላለን፤ የተለያየው አከፋፈሉ ብቻ ነው። በመስቀሉም አጠገብ ቆመው የቀሩት ሴቶች አልተሰቀሉም፤ ሆኖም ወንጌል ቆመው እንደ ነበሩ መጻፍን አልተወም።

ሌላም የምንፈራው ነገር አለ። የእናቶችን ትዕግሥት ስናመሰግን፣ ብዙ ጊዜ ሸክማቸውን ላለመካፈል ምክንያት እናደርገዋለን። “እርስዋ ብርቱ ናት” እንላለን፤ ብርቱ ናት ካልን በኋላም እንጨቱን ብቻዋን እንድትሸከም እንተዋታለን። በቀብር ቀን ብዙ እንናገራለን፤ በሕይወት ሳለች ግን የልጆችዋን የትምህርት ቤት ክፍያ ከየት እንደምታመጣ አንጠይቃትም። እንዲህ ያለው መታሰቢያ ዕዳን በቃል መክፈል ነው።

እንግዲህ የሞቱትን ስናስብ የቀሩትንም እናስብ። በየማኅበራችን በኋለኛው ወንበር ተቀምጣ፣ መዝሙሩ ሳያልቅ ለቤትዋ ሥራ የምትቸኩል መበለት አለች። ስምዋን እንወቅ፤ ቤትዋን እንጐብኝ፤ የእህልዋ ማስቀመጫ ባዶ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። የድንጋይ ምስል ለማቆም ዐቅም ባይኖረን፣ አንድ ቍና እህል ይዞ ደጅዋን ለማንኳኳት ዐቅም ያጣ የለምና።