የተጨነቀችን ነፍስ ማን ያማክራታል?



ነቢዩ ኤልያስ የንግሥቲቱን ዛቻ ሰምቶ ወደ ምድረ በዳ እንደ ሸሸ፣ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን እንደ ለመነ በመጀመሪያው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 19 እናነባለን። እግዚአብሔር ግን ይህን የዛለ አገልጋዩን እምነት ጐደለህ ብሎ አልገሠጸውም። መልአኩ ዳሰሰው፤ እንጀራና ውኃ አቀረበለት፤ ዳግመኛ እንዲተኛ ተወው፤ ሁለተኛም መጥቶ አበላው። ኤልያስም በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጕዞ ኮሬብ ደረሰ። የእግዚአብሔር ጸጋ የሰውን ድካም ሳይንቅ በእንጀራ፣ በእንቅልፍና በሌላው እጅ እንደሚሠራ ከዚህ እንማራለን።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች ከጭንቀት ሕመም ጋር ይኖሩ እንደ ነበር ገምቷል። በቁምስናዎቻችንም ሥራ ያጣው ወጣት፣ ልጇን ወደ ዐረብ አገር የላከች እናት፣ ከቀዬው የተፈናቀለው አባወራ ይህንኑ ሸክም ይዘው ወደ ቅዳሴ ይመጣሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ ሄደዋል፤ ይዘውት የሚመለሱት ወሬ ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ከፊሎቹ ቀልሏቸው ይመለሳሉ። እንቅልፍ የነሣቸውን ሐሳብ ማንም ሳያቋርጣቸው እንደ ተናገሩ፣ የሚፈሩትንም ነገር ጥቂት በጥቂት መቅረብን እንደ ተማሩ ይመሰክራሉ። ሌሎቹ ግን አዝነው ይመለሳሉ። አንዱ አማካሪው እምነቱን እንደ ሕመም እንደ ቈጠረበት ይናገራል፤ ሌላዋ ክፍያው ከዐቅሟ በላይ ሆኖባት አቋርጣለች፤ ሌላው ደግሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያናግረው አጥቶ ልቡን ሳይገልጥ ወጥቷል። ሁለቱም ምስክርነት እውነት ነው። ይሁን እንጂ የፊተኛው ለሁሉ የተሰጠ ተስፋ፣ የኋለኛውም በሙያው ሁሉ ላይ የተነገረ ፍርድ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ስለዚህ የዚህን አገልግሎት ጠባይ ማወቅ ይጠቅመናል። አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመሩት፣ አስጨናቂ ሐሳብን መርምሮ በእውነት ሚዛን መመዘንን የሚያስተምረው ዘዴ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 20 የሚደርሱ ቀጠሮዎችን ይጠይቃል። በአንድ ቀን ምክር ፈውስን የጠበቀ ሰው እንግዲህ ማዘኑ አይቀርም። ከዚህም ጋር ውጤቱ በዘዴው ብቻ ሳይሆን በአማካሪውና በተማካሪው መካከል ባለው መተማመን ላይም እንደሚመሠረት ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። መተማመኑ ካልተገኘ ይህንኑ ለአማካሪው በግልጥ መንገር፣ ካልሆነም ሌላ አማካሪ መፈለግ ነውር አይደለም። አንድ ሐኪም ያልተስማማው ሕመምተኛ ሕክምናን ሁሉ እርግፍ አድርጎ አይተውምና።

«ወደ አማካሪ መሄድ እምነት ማጣት አይደለምን?» የሚሉ አሉ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም ባወጣው ሰነድ ቍጥር 62 በእረኝነት አገልግሎት የሥነ ልቦና ግኝቶችም እንዲታወቁና እንዲሠራባቸው አሳስቧል። የቅድስት ተሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ አባት ሉዊ ማርቲን በፈረንሳይ በካን ከተማ በአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ሦስት ዓመት ያህል ኖረዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ቅዱስ ብላ ዐወጀቻቸው። ሕመማቸው ከቅድስና አላገዳቸውም።

ኑዛዜና ምክር እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሥራ አላቸው። በምሥጢረ ንስሐ የኃጢአትን ስርየት እንቀበላለን፤ ይህን ማንም አማካሪ ሊሰጠን አይችልም። የጭንቀት ሕመም ግን በራሱ ኃጢአት አይደለም። ስለዚህ ለታመመው ወንድማችን «ጸሎት ስላነሰህ ነው» ብንለው በሸክሙ ላይ ሌላ ሸክም እንጨምርበታለን። ጸሎትን ከሕክምና፣ ጠበልንም ከመድኃኒት አናጣላ፤ ሐኪም ያዘዘውንም መድኃኒት ያለ ሐኪሙ ፈቃድ እንዲያቋርጥ ማንንም አንምከር።

በተለይ እናንተ ካቴኪስቶች፣ የተጨነቀ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። በትዕግሥት አዳምጡት፤ የነገራችሁንም በምሥጢር ጠብቁለት። ወደ ባለሙያ በሄደ ጊዜ ሸኙት፤ ሲመለስም እንዴት እንደ ሆነለት ጠይቁት። ብዙዎች የሚያቋርጡት የሚጠይቃቸው ሲያጡ ነውና። አዝኖ ከተመለሰ «ብለን ነበር» አትበሉት፤ ሌላ በር አብራችሁት ፈልጉ። የትራንስፖርት ወይም የክፍያ ገንዘብ ካጠረው ለቁምስናው የበጎ አድራጎት ማኅበር፣ በፈቃዱና ስሙን በመጠበቅ፣ አመልክቱለት። ሞትን የሚመኝ ከሆነ ግን ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ራሱ በጌቴሴማኒ እጅግ በተጨነቀ ጊዜ ወደ አባቱ ጸለየ፤ ሦስቱንም ደቀ መዛሙርት ከእርሱ ጋር እንዲተጉ ለመናቸው። እነርሱ ግን ተኙ። ዛሬም በየቤቱ እንዲህ የሚለምኑን ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እኛ እንዳንተኛባቸው ጌታ በጸጋው ያንቃን። አሜን።