ጎርፍ ያስቀራቸው ዓምዶች

በኮንሶ፣ ከካራት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ገሰርጊዮ በተባለው መንደር ጥግ መሬቱ በድንገት ተከፍቶ ጥልቅ ሸለቆ ይሆናል። ከሸለቆው ወለል ቀያይ ዓምዶች ቀጥ ብለው ይነሣሉ፤ ጎናቸው ውሃ በወረደበት የተሸነተረ፣ አናታቸው የሾለ ነው። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ፎቅ ስለሚመስሉ ቦታው «ኒውዮርክ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ማንም አልጠረባቸውም፤ ማንም አላቆማቸውም።

የአፈጣጠራቸው መንገድ ግልጽ ነው። መሬቱ በደንብ ያልጠነከረ ደለል ነው። ዝናብ ሲወርድበት ውሃው በስንጥቆች ገብቶ ልል የሆነውን ይዞ ይወርዳል፤ ትንሽ ጠንከር ያለው ክፍል፣ ወይም አናቱ ላይ ክዳን የሆነለት ነገር ያገኘው፣ ባለበት ይቀራል። ስንጥቁ ቦይ ይሆናል፤ ቦዩ ይጠልቃል፤ በሁለት ቦዮች መካከል የቀረው ግድግዳ ደግሞ በተራው ይቆራረጥና ዓምድ ይሆናል። ዓምዱ ከመሬት አልበቀለም። የቆመበት ከፍታ የዱሮው መሬት ከፍታ ነው፤ ዝቅ ያለው ዙሪያው ነው።

ይህን ሥራ በትንሹ ለማየት ኮንሶ ድረስ መውረድ አያስፈልግም። በሆሳዕና ዙሪያ፣ በሌሞም ሆነ በአንሌሞ፣ ገና በታረሰ ማሳ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ካባራ በኋላ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው በየጠጠሩ ሥር ጣት የማታህል የአፈር ምሰሶ ቆማ ያገኛል። ጠጠሩ የዝናቡን ጠብታ ስለመከተ ሥሩ ያለው አፈር ቀርቷል፤ ዙሪያው ተጠርጎ ሄዷል። የአፈር ጥበቃ ባለሙያዎች እነዚህን ምሰሶዎች እየለኩ ምን ያህል አፈር እንደታጠበ ይገምታሉ። የምሰሶዎቹ ቁመት በማሳው ሁሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከአንድ ሄክታር 100 ሜትር ኩብ አፈር ሄደ ማለት ነው። ዓምድ፣ ትንሹም ትልቁም፣ የጎደለው ነገር መለኪያ ነው። ስለ እነዚህ ዓምዶች የሚነሣው የእምነት ጥያቄ ሁሉ ከዚህ ሐቅ መጀመር ይኖርበታል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚጀመረው ከውበታቸው ነው።

የገሰርጊዮ ሰዎች የሚተርኩት አፈ ታሪክ ከውበት አይጀምርም። የጎሳ መሪው የተቀደሱ ከበሮዎች ይሰረቃሉ፤ ሌቦቹም በአካባቢው መሬት ውስጥ ይቀብሯቸዋል። መሪው ወደ አምላኩ ይጮኻል። አምላክም ከበሮዎቹ የተቀበሩበትን አፈር ጠርጎ ያወጣለታል፤ ሸለቆውና ዓምዶቹ የዚያ ፍለጋ ምልክት ሆነው ይቀራሉ። ይህን ትረካ የሥነ ምድር ተፎካካሪ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ትረካው ስለ ደለል አይናገርም፤ ስለ ስርቆት ይናገራል። መሬት እንኳ የተሰረቀን ነገር ደብቆ ሊያስቀር እንደማይችል፣ የተቀደሰ ዕቃ የወሰደ ሰውም ከአምላክ ዓይን እንደማያመልጥ ለማኅበረሰቡ ያስታውቃል። እግረ መንገዱን አንድ እውነት በትክክል ይዟል፤ ሸለቆው የተሠራው በመውሰድ እንጂ በመጨመር አይደለም። በዚያው በኮንሶ ምድር እ.ኤ.አ. በ1991 የቅድመ ታሪክ ሥፍራ የተገኘው መሬቱ ተሸርሽሮ የጥንቱ ንብርብር ስለተገለጠ ነው። ከዚያ የወጡት የድንጋይ መጥረቢያዎች 1.75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላቸው ተመራማሪው ዮናስ በየነና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። ጎርፉ በእርግጥም የተቀበረ ያወጣል።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። ውሃና ጊዜ ዓምዱን ለመሥራት ከበቁ ለአምላክ የቀረው ሥራ ምንድን ነው? አንዱ መልስ ምንም አልቀረም የሚለው ነው። ሌላው ደግሞ፣ በየስብከቱና በየጉብኝቱ የሚሰማው፣ እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ሊሆን አይችልምና የአምላክ እጅ በቀጥታ ነክቶታል ይላል። ሁለቱ የሚጋጩ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ተፈጥሮ የሠራችውን አምላክ አልሠራውም፣ አምላክ የሠራውን ተፈጥሮ አልሠራችውም ብለው ያምናሉ። የተሳሳቱትም እዚያው ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ይህን ክፍፍል ከጥንት ጀምሮ አያውቀውም። የስድስቱን ቀን ሥራ 22 ፍጥረታት አድርጎ የሚቆጥረው ይህ ትምህርት፣ ከምንም የተፈጠረውንና ከተፈጠረው የተፈጠረውን ለይቶ ያስቀምጣል። መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት እምኀበ አልቦ፣ ማለትም ካለመኖር ወደ መኖር የመጡ ናቸው፤ ከእነርሱ የተገኘው ግን ግብር እምግብር ይባላል። በዚህ አነጋገር ከሄድን፣ ውሃና ነፋስ ከመሬት ጋር ተጋጭተው ያወጡት ዓምድ የፈጣሪ ሥራ መሆኑ አይቀርም፤ የውሃ ሥራ መሆኑም አይቀርም። ምእመኑ የሥነ ምድር ተመራማሪውን የሚፈራበት ምክንያት አይኖረውም፤ ተመራማሪውም ምእመኑ ሲያመሰግን ዝም ለማሰኘት መብት አያገኝም።

ይህ መልስ ጠንካራ ነው፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። ዓምዱን የቀረጸው ውሃ በፈጣሪ ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ፣ የገበሬውን ማሳ ወስዶ ቦረቦር ያደረገውም ያው ውሃ፣ በዚያው ሕግ ነው። ከሆሳዕና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ብላቴ ሸለቆ ሲወረድ፣ በሻሾጎና በሃላባ በኩል ያለው ልል የእሳተ ገሞራ አፈር በቀላሉ ይቦረቦራል። ቦረቦሩ ሲሰፋ መካከሉ ላይ የአፈር ዓምድ፣ አናቱ ላይ ሣር እንደያዘ፣ ተነጥሎ የሚቀርበት ጊዜ አለ። አሠራሩ ከገሰርጊዮ አይለይም። የማሳው ባለቤት ግን ፎቶ ሊያነሣው አይወጣም፤ ዓምዱ ላይ የቀረው ሣር ትናንት ከብቱ የጋጠበት ግጦሽ ነው። ዓምዱን ለእግዚአብሔር፣ ቦረቦሩን ለሰይጣን አከፋፍሎ መስጠት አይቻልም።

ቅዱሳት መጻሕፍትም አላከፋፈሉም። በኢዮብ መጽሐፍ 14ኛው ምዕራፍ ላይ ውሃ ድንጋይን እንደሚፍቅ፣ ጎርፍ የምድርን አፈር ጠርጎ እንደሚወስድ ተነሥቷል። ኢዮብ ግን ይህን የተናገረው ለምስጋና አይደለም፤ የሰው ተስፋም እንዲሁ እየተፋቀ ያልቃል ብሎ ፈጣሪውን ሊሞግት ነው። የአፈር መሸርሸርን ያየ ጻድቅ ሰው በአምላኩ ፊት ያቀረበው ነገር አቤቱታ መሆኑን ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ ያልፉታል፤ ሊያልፉት አይገባም ነበር። በሃላባና በስልጤ ባለው ሙስሊም ማኅበረሰብ ዘንድም ተመሳሳይ ነገር ይገኛል፦ የቁርኣን ሁለተኛ ምዕራፍ፣ አል-በቀራ፣ የደነደነ ልብን ከድንጋይ ጋር ሲያነጻጽር ከድንጋይም ወንዝ የሚፈልቅበት፣ ተሰንጥቆ ውሃ የሚያወጣ፣ አላህን ፈርቶ የሚወድቅም እንዳለ ይናገራል። በሁለቱም ዘንድ ድንጋዩ የሚታየው ለሰው ልብ ሲባል ነው።

ታዲያ ዓምዱ ራሱ ቅዱስ ሊባል ይችላል? በአገሪቱ ሰሜን፣ በትግራይ ገርዓልታ፣ ከአሸዋ ድንጋይ የሆኑ ግዙፍ ዓምዶች ቆመዋል። ከእነርሱ አንዱ ላይ፣ በ2,580 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የአቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን ተፈልፍሏል። ምእመናን በባዶ እግራቸው፣ ጣታቸውን በአለቱ ጉድጓድ እያስገቡ ይወጡታል። ዓምዱን ያከበሩት ግን ቅርጹ ስላስደነቃቸው ብቻ አይደለም፤ ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ የማታ ስም ስለሚጸለይበት ነው። ያዕቆብ በቤቴል ዘይት ያፈሰሰበት ድንጋይም ተንተርሶት ያደረ ተራ ድንጋይ ነበር፤ ሐውልት የሆነው ሕልም ካየበት በኋላ ነው። በከምባታ የሃምበሪቾ ተራራ በቀድሞው እምነት የተከበረ ነበር፤ ዛሬ 777 ደረጃ ተሠርቶለት ወጣቱ ለጉብኝት ይወጣዋል። ተራራው አልተለወጠም። ቅድስና በድንጋዩ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ቢሆን ኖሮ እምነት ሲለወጥ አብሮ ሊለወጥ ባልተገባው ነበር።

ሰው ካቆመው ድንጋይ ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ከሆሳዕና ሩቅ ባልሆነው በሶዶ ጉራጌ፣ በጢያ፣ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ላይ ምልክት ተቀርጿል። ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የጢያን ድንጋይ ያየ ሰው ለምን ቆመ ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ያቆመው ሰው ሐሳብ ነበረውና። መልሱ ባይታወቅ እንኳ መልስ እንዳለው ይታወቃል። የገሰርጊዮ ዓምድ ግን እንዴት ለሚለው ሙሉ መልስ ሲኖረው፣ ለምን የሚለውን ራሱ አይመልስም። እርሱን የሚመልሰው የሚያየው ሰው ነው፤ በእምነቱ፣ በተረቱ ወይም በሥራው።

የኮንሶ ሰዎች በሥራቸው መልሰዋል። ገደላማውን መሬታቸውን በድንጋይ እርከን አጥረው አፈሩን ከ400 ዓመት በላይ ይዘዋል፤ 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው የእርከንና የመንደር ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በዚህ ነው። ጎርፍ የቀረጸውን ሸለቆ የአምላክ ሥራ ብሎ የሚተርከው ሕዝብ፣ ማሳው ላይ ያንኑ ጎርፍ ድንጋይ በድንጋይ እየደረደረ ይከለክላል። ይህን እንደ ተቃርኖ የሚቆጥር ሰው ፈጣሪን ማመስገን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይመስለዋል። በእነርሱ ዘንድ ሁለቱ አብረው ኖረዋል፤ ከላይ የተነሣውን የኢዮብን አቤቱታም ከብዙ ክርክር ይልቅ ይህ አኗኗር የተሻለ ያስተናግደዋል። ውሃው የተፈጥሮን ሕግ ይከተላል፤ የቱ መሬት ተራቁቶ እንደሚጠብቀው ግን በከፊል የሰው ውሳኔ ነው።

በሃዲያና በከምባታም ይህ ውሳኔ በዓይን ይታያል። ቤት ዙሪያ ያለው የእንሰት ጓሮ ሰፊ ቅጠሉና የረገፈው ገለባ ዝናቡን ስለሚቀበሉለት አፈሩን እምብዛም አይለቅም፤ ራቅ ብሎ፣ ዳገቱ ድረስ የታረሰው ማሳ ግን በክረምት ይታጠባል። የታጠበው ከፊሉ ቦዮ ረግረግ ላይ ይተኛል፤ ከፊሉ በብላቴ ወርዶ አባያ ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ ቀላ ያለው ከሚንሳፈፍበት ደለል የተነሣ ነው። ከሆሳዕና በሶዶና በአርባ ምንጭ አድርጎ ኮንሶ የሚወርድ መንገደኛ ወደ ዓምዶቹ ከመድረሱ በፊት ሐይቁን ያየዋል።

ዓምዶቹን ለዘላለም ማቆየት አይቻልም። የሠራቸው ውሃ ሥራውን ስላላቆመ አናታቸው ይሳሳል፤ መሠረታቸው ይበላል፤ በመጨረሻም ይወድቃሉ። ሸለቆው አዲስ ዓምድ የሚያወጣው ጠርዙ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ተጨማሪ መሬት ሲቆርስ ብቻ ነው። በሻሾጎ ቦረቦር ውስጥ ክትር ሠርተው ዳርቻውን ሣርና ዛፍ የሚተክሉ ገበሬዎች ሥራቸው ሲሳካ ቦረቦሩ በደለል ይሞላል፤ መካከሉ ተነጥሎ የቆመው የአፈር ዓምድም ቀስ በቀስ ይዋጣል።