በውሃ ላይ ስለሚሰጥ ሰላምታ

ከባሕር ዳር ተነሥተን በሞተር ጀልባ የጣናን ዳር ይዘን ወደ ዘጌ ስንጓዝ፥ በከተማ መንገድ ሳይተያዩ የሚተላለፉ ሰዎች በውሃው ላይ ግን ከሩቅ እጃቸውን እያነሡ ሰላምታ ሲለዋወጡ እናያለን። ይህ ፍቅር ነውን፥ ወይስ ፍርሃት? ሞተሩ ቢቆም የሚደርስልን ያው ከፊት የሚመጣው እንግዳ ነውና፥ ፍርሃት የለበትም አይባልም፤ እኛም አንነቅፈውም። እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የባሕር ሕግ ስምምነትም በ98ኛው አንቀጽ የመርከብ አዛዥ በባሕር ላይ ለመጥፋት የቀረበውን ማንኛውንም ሰው እንዲረዳ ያዝዛል።

ዳሩ ግን ፍቅሩ የሚመረመረው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ተቀምጦ ዓሣ የሚያጠምደውን ሰው ስናገኝ ነው። እርሱ እኛን ሊጎትት አይችልም፤ የእኛ ጀልባ የሚያስነሣው ማዕበል ግን እርሱን ሊገለብጠው ይችላል። እጁን እያነሣ፥ ፍጥነቱን ግን ሳይቀንስ የሚያልፈውን ባለሞተር፥ ሰላም ሰጠ አንለውም።