ባለቤቱ ያቀለለው አሞሌ

«ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይላል የአገር ሰው። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚያገለግልበት ዘመን የተነገረ ምክር ነው፤ ሰው ራሱ ያላከበረውን ንብረት ሌላው አያከብርለትም ለማለት። የቆዩ ቴምብሮችን ለትርፍ የሚገዙ ሰዎች ግን ይህን ተረት ገልብጠውታል። እነሱ አገር ላገር ዞረው የሚፈልጉት ባለቤቱ ያቀለለውን ነው። ቁጥሩ የተመናመነ፣ ዋጋው ግን ገና ያልታወቀ ቴምብር መፈለግ፣ በርካሽ ገዝቶ ማስቀመጥ፣ ገበያው ሲነቃ መሸጥ፤ የንግዱ ጥበብ በአጭሩ ይኸው ነው።

«ዋጋው ያልታወቀ» የሚለው አነጋገር ለጆሮ ንጹሕ ነው፤ ማንንም የሚጎዳ አይመስልም። ግን ያልታወቀው ለማን ነው? ገዢው ያውቃል፤ የሚገዛውም ስለሚያውቅ ነው። የማያውቀው ሻጩ ነው። እንዲህ ሲታይ «ርካሽ ቴምብር» የሚባለው ነገር ከጀርባው ሁልጊዜ አንድ ሰው አለው። ያ ሰው ባለማወቁ የሚገኝ ትርፍ የማን ነው?

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። በሲያትል፣ በሬኒየር አቨኑ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እናት ይታሰቡ። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልፏል፤ ልጆቻቸው ወደ አነስተኛ አፓርትመንት ሊያዛውሯቸው ዕቃ እየለዩ ነው። ከቁም ሳጥኑ ግርጌ ደብዳቤ የሞላበት የጫማ ካርቶን ይወጣል። በዕድራቸው ውስጥ አሮጌ ቴምብር እየገዛ የሚሸጥ አንድ ወጣት ስላለ እሱ ይጠራል።

«ልጄ፣ እስቲ እየው። የሚረባ ነገር ካለው ውሰደው፤ እኔ ምን አውቅልሃለሁ?»

ወጣቱ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ያገላብጣል። አብዛኞቹ በደርግ ዘመን የተላኩ፣ በየትኛውም የቴምብር ሱቅ በሳንቲም የሚገኙ ናቸው። አንዱ ጋ ሲደርስ ግን እጁ ይቆማል። የሟቹ አያት ለንግድ ኤደን ሳሉ ከሐረር የተጻፈላቸው ደብዳቤ ነው። በፖስታው ላይ የዓፄ ምኒልክ ምስል ያለበት ቴምብር ተለጥፏል፤ ከጎኑ ደግሞ የፈረንሳይ ጅቡቲ ቴምብር።

ወጣቱ ያየውን ያውቃል። ዓፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ፖስታ እንዲቋቋም ሲያዝዙ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ። አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ ሦስቱ የይሁዳን አንበሳ የያዙ ሲሆኑ፣ ዋጋቸው ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በ1908 ነው። እስከዚያ ድረስ የኢትዮጵያ ቴምብር ከአገር ውጭ ስለማይሠራ ባሕር የሚሻገር ደብዳቤ የጅቡቲም ቴምብር ያስፈልገው ነበር። ያልተላኩት ቴምብሮች በየአልበሙ አሉ፤ ሁለቱን ቴምብር ይዞ በእርግጥ የተጓዘ ፖስታ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰብሳቢዎች የሚሻሙት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

«ለሁሉም መቶ ዶላር ልስጥዎት፣ እማማ?»

«ይበቃል ልጄ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ወጣቱ አልዋሸም። አላስገደደም። ዋጋ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። ታዲያ በደለ ወይስ አልበደለም?

የቴምብር ታሪክ ራሱ ለመመዘኛ የሚሆኑ ጉዳዮች አሉት። በ1873 በብሪቲሽ ጉያና አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከዘመዱ አሮጌ ወረቀቶች መካከል በ1856 የታተመች ባለ አንድ ሳንቲም ቴምብር አገኘና በስድስት ሽልንግ ሸጣት። ያቺ ቴምብር በ2014 ኒው ዮርክ ላይ በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠች። ልጁ ተበደለ ለማለት ግን ያስቸግራል፤ የገዛውም ሰው ምን እንደያዘ አያውቅም ነበርና። ሁለቱም እኩል ጨለማ ውስጥ ነበሩ።

ሁለተኛው ጉዳይ በ1918 ዋሺንግተን ዲሲ የሆነው ነው። ዊሊያም ሮቤይ የተባለ ሰብሳቢ በፖስታ ቤት መስኮት 24 ዶላር ከፍሎ መቶ ቴምብሮች ያሉት አንድ ገጽ ገዛ፤ በቴምብሮቹ ላይ ያለው አውሮፕላን ተገልብጦ ታትሟል። ሳምንት ሳይሞላው በ15 ሺህ ዶላር ሸጠው። እዚህ ገዢው አውቋል፤ ሻጩ ግን የራሱን ቴምብር የመመርመር አቅም ያለው መንግሥት ነው። አቅሙንም በ1962 አሳይቷል። ለዳግ ሐመርሾልድ መታሰቢያ የወጣ ቴምብር በስሕተት ቀለሙ ተገልብጦ ሲገኝ፣ የአሜሪካ ፖስታ ስሕተቱን ሆን ብሎ በ40 ሚሊዮን ያህል አባዝቶ አሳተመው። ስሕተቱን አግኝተው ሀብት ያለሙ ሰዎች ሕልማቸው በአንድ ትእዛዝ ተነነ። እንዲህ ካለ ሻጭ ፊት ዝም ያለ ገዢ የሚያሳዝን ተበዳይ አላስቀረም።

የሬኒየር አቨኑዋ እናት ግን ከሁለቱም ይለያሉ። ገዢው ያውቃል፤ እሳቸው አያውቁም፤ ራሳቸውን የሚከላከሉበትም መንገድ የላቸውም።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ሮማዊው ሲሴሮ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ አንስቶታል። በሮድስ ደሴት ረኃብ ገብቶ ሳለ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ሌሎች እህል የጫኑ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆኑን ያውቃል። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋንስ ዝም ማለት መደበቅ አይደለም አለ፤ ነጋዴው የዕቃውን ጉድለት እንዲናገር ሕግ ካስገደደው ይናገር፤ የቀረውን ሳያታልል ይሽጥ። አንቲጳጥሮስ ግን ሰው ለሰው የተፈጠረ በመሆኑ ገዢው ሊያውቀው የሚገባውን መሸሸግ አይገባም ባይ ነበር። ሲሴሮ ከሁለተኛው ጋር ቆመ።

የአሜሪካ ሕግ ወደ መጀመሪያው ያደላል። በ1815 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ አንድ ነጋዴ የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦርነት ማብቃቱን ከሌሎች ቀድሞ ሰማና ትንባሆ በርካሽ ገዛ፤ ወዲያው ዋጋው አሻቀበ። በ1817 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ገዢ የሚያውቀውን ለሻጭ የመናገር ግዴታ የለበትም አለ፤ ሆኖም ሌላውን የሚያታልል ነገር ከመናገርም ከማድረግም መጠንቀቅ አለበት። በዚህ መለኪያ ሲታይ የሲያትሉ ወጣት ነፃ ነው።

ለወጣቱ የሚቆም ብርቱ ክርክርም አለ። ዕውቀቱ በነፃ አልመጣም። እነዚያ የምኒልክ ቴምብሮች በ1902 «ቦስጣ»፣ በ1903 «መልክት» የሚል የአማርኛ ጽሑፍ በእጅ ማኅተም ተደርጎባቸዋል፤ እውነተኛውን ማኅተም ከሐሰተኛው መለየት ዓመታት ይፈጃል። በ1919 የወጡትን ዋና ቴምብሮች በኋላ ከታተሙት ለመለየት የጀርባቸውን ሙጫ ማየት ያስፈልጋል፤ የዋናው ነጭና ልስልስ፣ የኋለኛው ወደ ቡኒ የሚያደላና የተሰነጣጠቀ ነው። ይህን ሁሉ የተማረ ሰው የድካሙን ዋጋ ካላገኘ ማን ይማራል? ወጣቱ ባይመጣ ኖሮ ካርቶኑ ቆሻሻ መጣያ ይገባ ነበር።

ክርክሩ እውነት አለው። የሚያረጋግጠው ግን ዕውቀት ደመወዝ እንደሚገባው ነው፤ ዕቃውን በሙሉ ይገባዋል አያሰኝም። ሐኪም በሽታውን ስላወቀ ይከፈለዋል፤ የበሽተኛውን ቤት አይወስድም። ጨረታ ላይ ከነጋዴ ጋር የሚፎካከር ሰብሳቢ ያየውን ዝም ቢል ጨዋታው እኩል ነው፤ ሁለቱም ካታሎጉን ይዘው መጥተዋል። እማማ ግን ወጣቱን የጠሩት ከእሱ ጋር ሊፎካከሩ አይደለም። «እስቲ እየው» ያሉት ዓይኑን ሊዋሱት ነው። እሱም ዓይኑን አውሶ ያየውን ለራሱ ብቻ አስቀረው።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ዓይነቱን ነገር ሳያስብበት አላለፈም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይኸው ሕግ በአንቀጽ 1710 የአንዱን ወገን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ፈቃድ ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉን ሊያስፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ሲያትል ላለ ሰው ይህ ሕግ አይሠራበት ይሆናል። ሕጉ የቆመበት ስሜት ግን ከአገር የወጣ ሰው ሁሉ ይዞት የወጣው ነው። በስደት አገር ዕቁብ ያለ ውል፣ ያለ ዋስ የሚጣለው፣ ዕድሩ ሌሊት ተጠርቶ የሚደርሰው፣ «ልጄ» እና «እማማ» የሚሉት ቃላት አሁንም የሚያስሩ በመሆናቸው ነው። ወጣቱ መቶ ዶላር ከፍሎ የወሰደው ፖስታውን ብቻ አይደለም። «ልጄ» የሚለውንም ቃል አብሮ ወስዷል፤ ለእሱ ግን አልከፈለም።

ክረምት ሲመጣ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄደውም ይኸው ነው። ዶላር የያዘ፣ የውጭውን ገበያ የሚያውቅ ሰው የዘመዱን አሮጌ ሣንዱቅ ሲከፍት፣ የሚያገኘው ቴምብርም ሆነ ሳንቲም ወይም ብራና፣ በእጁ ያለው ሚዛን አንድ ወገኑ የተጫነ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳት ደግሞ ከገንዘቡም ያልፋል። እማማ ዋጋውን ቢያውቁ ኖሮ ምናልባት ባልሸጡት። ለልጅ ልጅ ሊያስቀምጡት፣ አዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት ላለው የፖስታ ሙዚየም ሊሰጡት ወይም ሸጠው የቤት ኪራይ ሊከፍሉበት ይችሉ ነበር። ዝምታው ይህን ሁሉ ምርጫ እሳቸው ሳያውቁት ወሰነላቸው። ገንዘብ ቢጎድል ይመለስ ይሆናል፤ ተሽጦ ሩቅ አገር አልበም ውስጥ የገባ የቤተ ሰብ ደብዳቤ ግን አይመለስም።

ስለዚህ ወጣቱ ንግዱን እንዲተው የሚጠይቀው የለም። የሚጠበቅበት ጥቂት ቃል ነው። «እማማ፣ ይቺ ፖስታ ከሌሎቹ ትለያለች፤ እኔ ከምሰጥዎት በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ልሽጣት ካሉ ጨረታ አቀርብልዎታለሁ፤ እኔም የድካሜን ተነጋግረን እወስዳለሁ።» ይህን ቢል ያተርፋል፤ ትርፉ ግን እሳቸው የሚያውቁት ትርፍ ይሆናል።

እሳቸው ምን እንደሚሉ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ምናልባት «እንግዲያው ሽጠው» ይሉ ይሆናል። ምናልባትም መነጽራቸውን አስፈልገው፣ ፖስታው ውስጥ ያለውን ደብዳቤ አውጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ያነቡት ይሆናል።