የሕዝብ ደን የማን ነው?

ሰው ሲደክመው ጥላ ይፈልጋል። ገበሬው ከማሳው ዳር ካለው ዛፍ ሥር ጋደም ይላል፤ የከተማው ሰው የዕረፍት ቀኑን ጠብቆ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ወይም በ2013 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ይወጣል። ይህን እንደ ቅንጦት የሚቆጥሩ ወገኖች አሉ። «እናቶች ማገዶ ተሸክመው በሚጎብጡበት አገር፣ ለሽርሽር ሲባል ደን ማጠር ግፍ አይደለም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄያቸው ከእውነተኛ ችግር የመነጨ ነውና በቀላሉ ልናልፈው አይገባም።

ጥያቄውን በቅጡ ለመመርመር ደን ወደ ጠፋበት አካባቢ መሄድ ይበጃል። በወገዳና በዙሪያዋ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር የሚጓዝ ሰው በአብዛኛው የሚያየው እስከ ገደሉ አፋፍ የታረሰ ተዳፋትና በየጓሮው የቆመ ባሕር ዛፍ ነው። ጥንታዊው ጽድና ወይራ በብዛት የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። በመጽሐፎቻቸውም የሚታወቁት የደን ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ባካሄዱት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጎረቤቴ ለሠራው በጎ ሥራ መመስከር ግን የፍትሕ ግዴታዬ ነው።

በአንጻሩ «የመንግሥት» ይባል የነበረው ደን ምን እንደ ደረሰበት እናስታውስ። በደርግ ዘመን በዘመቻና በምግብ ለሥራ ብዙ ኮረብታ ችግኝ ለብሶ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ በብዙ የአገራችን ክፍሎች ያ ደን በመጥረቢያ ተጨፈጨፈ። የሚያሳዝነው፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ ችግኙን የተከለውም፣ ኋላ የቆረጠውም ያው ሕዝብ መሆኑ ነው። በጉልበቱ የተከለውን የራሱ አድርጎ አላየውም፤ ባለቤቱ መንግሥት ነበር፣ ባለቤቱ ሄደ፣ ንብረቱም ተዘረፈ። የአጥቢያው ጽድ ግን መንግሥታት ሲለዋወጡ ቆሞ ቆይቷል። ልዩነቱ በዘበኛው ብዛት አልነበረም። አንዱን ሕዝቡ «የእኔ» ብሎታል፤ ሌላውን አላለውም።

እንግዲህ ለሽርሽር ወደ ደን መሄድ ቅንጦት ነው ለሚሉት መልሴ ከዚህ ይነሳል። ሰው የማያውቀውን አይወድም፤ ያልወደደውንም አይጠብቅም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለጸሎት የተጠበቀ እንጂ መናፈሻ አይደለም። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ አጠገብ እንዳለው እንደ ዓለም ሳጋ ያለው የሕዝብ ደን ግን ለሁሉም ሊከፈት ይገባዋል። የወገዳ ተማሪ በመኪና መስኮት አይቶት ከሚያልፍ፣ ከመምህሩ ጋር ገብቶ ወፉን ቢያዳምጥ፣ የዛፉን ስም ቢጠይቅ፣ ከጥላው ሥር ቁራሽ እንጀራውን ቢበላ፣ ነገ መጥረቢያ ሲነሳ «ተው!» የሚል አንድ ሰው ተገኘ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ለመናፈስ የሚሄድ ሁሉ ባለቤት አይሆንም። ፌስታሉንና የውሃ ፕላስቲኩን በትኖ፣ እሳቱን ሳያጠፋ፣ በድምፅ ማጉያ አራዊቱን አሸብሮ የሚመለስ ሰው፣ ደኑን «የማንም» አድርጎ ከሚቆርጠው ሰው በአስተሳሰብ አይለይም። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች የሚጠለሉበትን ጥላ በቆሻሻ መበከልን እርግማን ከሚያመጡ ሥራዎች ቆጥረውታል። ጥላ የጋራ ሐቅ ነው፤ ያበላሸው ሰው ገና ያልደረሰውን እንግዳ ሁሉ በድሏል። አማና የሚባለውም ማንም በማያይበት ቦታ የሌላውን ድርሻ መጠበቅ ነው።

የማገዶው ጥያቄስ? ደኑ እንዲጠበቅ ከብቱን የከለከለና እንጨቱን የተወ ጎረቤት ገበሬ የመጀመሪያው ዋጋ ከፋይ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው ተጠቃሚም እርሱ ሊሆን ይገባል። ሣሩን አጭዶ እንዲወስድ፣ የወደቀውን ጭራሮ በሥርዓት እንዲለቅም፣ ከመግቢያ ክፍያው ድርሻ እንዲኖረው፣ ልጆቹም በነፃ እንዲገቡ ማድረግ ችሮታ አይደለም፤ ዕዳ መክፈል ነው። ይህ ሳይደረግ ቢታጠር የተቺዎቹ ቃል እውነት ይሆናል፤ ግፍ ነው።

ሲደረግ ግን ውጤቱ ሌላ ነው። በደቡብ ጎንደር ከብት ቡቃያውን እየበላ አጥቢያዎቹን ደኖች ሲያስረጃቸው፣ ገበሬዎች በተመራማሪዎች አበረታችነት ከማሳቸው ድንጋይ እየለቀሙ አጥር ሠርተዋል። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ቡቃያውም ዳነ። የሕዝብ ደንም የሚድነው እንዲህ ነው። በመካከላችን ወደ ጥላው የምንሄድ ሁሉ፣ ስንገባ እንግዶች መሆናችንን፣ ስንወጣ ግን ጠባቂዎች መሆናችንን እናስብ።