«አይቶ ነው የገዛው» ማለት ይበቃልን?

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ የመኪና በር ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ተራ ነገር አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

ከዓመታት በፊት መርካቶ ውስጥ ያገለገሉ የመኪና መለዋወጫዎችን እሸጥ ነበር። በር፣ ስፖኪዮ፣ የመስታወት ማንሻ፣ እጀታ፣ ማጠፊያ፤ ከተፈታታ መኪና የሚተርፍ ሁሉ እኔ ዘንድ አይጠፋም። አዲስ ለመግዛት አቅም የሌለው ባለታክሲ ያገለገለ በር አግኝቶ ወደ እንጀራው ሲመለስ ማየት ደስ ያሰኛል። ስለዚህ ይህን ንግድ በጅምላ ከሚያንቋሽሹት ጋር ዛሬም አልስማማም።

አንድ ቀን ከጎን የተገጨ የኮሮላ የኋላ በር እጄ ገባ። ባትላሜራው ቀጠቀጠው፣ በስቱኮ ሞላው፣ ቀለም ተቀባ። ከውጭ ለሚያየው ሙሽራ ነበር። በውስጡ ግን ከጎን የሚመጣን ግጭት እንዲመክት የተገጠመው ብረት እንደተጣመመ ነው፤ ይህንንም አውቃለሁ። የገዛኝ ሰው በሩን ከፍቶ ዘጋው፣ መስታወቱን ዝቅ ከፍ አደረገው፣ ተከራከረኝና ከፈለ። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያመላልስበት መኪና መሆኑን ነገረኝ። «ተገጭቶ ያውቃል?» አላለኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ሲሄድ «አላህ በረካ ያድርግልህ» ብሎኝ ሄደ።

ለአንድ በዕድሜ ለገፉ ጎረቤቴ ነጋዴ ነገሩን ሳጫውታቸው «ምን አጠፋሁ? አይቶ እኮ ነው የገዛው» አልኳቸው። «ያየው ቀለሙን ነው» አሉኝ።

እስቲ እናስተውል። የተጫረ ቀለም ለሁሉም ይታያል፤ ዋጋውም ይናገራል። በበሩ ታችኛ ጠርዝ ያሉት የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በአቧራ ተደፍነው ውስጡ ቢዝግ ደግሞ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። በሸሪዓ ገዥው ሳያውቀው የገዛው ነውር ሲገለጥ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው። ሻጩ «ከነነውሩ ሸጫለሁ» ቢል ቃሉ ምን ያህል ነጻ እንደሚያወጣው ዑለማዎች ተለያይተዋል። የእኔ ጉዳይ ግን ከሁለቱም የራቀ ነው። ነውሩን አውቄ፣ ገንዘብ ከፍዬ ያስሸፈንኩት እኔው ነኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥብ ባገኙ ጊዜ ባለቤቱ ዝናብ መትቶት ነው ብሎ ነበር። ዝናቡ የእርሱ ጥፋት አይደለም። የተጠየቀው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ስላላደረገው ነው።

«እውነቱን ብናገር ማን ይገዛኛል? የጎረቤቴ ሱቅ ዝም ብሎ ይሸጥ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬዋለሁ። ነገር ግን መስታወቱ፣ ማንሻው፣ እጀታውና ቁልፉ ደህና ነበሩ። በሩን በትኜ እነዚህን ለየብቻ፣ ላሜራውን ደግሞ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ መሸጥ እችል ነበር። ትርፉ ያንሳል እንጂ አልከስርም። ችግር አስገደደኝ ማለት ስለዚህ አልችልም።

ኢማም አቡ ሐኒፋ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሸሪካቸው ነውር ያለበትን ልብስ ለገዥው ሳይነግር ቢሸጥ፣ ገዥውም ማን እንደሆነ ባይታወቅ፣ የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ ሰደቃ እንዳደረጉት ይወሳል። እኔም ሰውየውን ፈልጌ ባጣሁ ጊዜ የበሩን ዋጋ ለምስኪኖች ሰጠሁ። ለጥቂት ቀን ቀለለኝ። ኋላ ግን ገንዘቡ ከእጄ ቢወጣም በሩ ከመኪናው አለመውረዱን አሰብኩ።

አንባቢ ሆይ! ያገለገለ በር ልትገዛ ስትሄድ ማግኔት ያዝ፤ ወፍራም ስቱኮ ባለበት ቦታ አይጣበቅም። ሽፋኑንም አስፈትተህ ውስጡን እይ። ምናልባት ከመርካቶ የኮሮላ የኋላ በር ገዝተህ ሻጩን በረካ ያድርግልህ ብለኸው ከነበረ፣ እባክህ ዛሬውኑ አስፈትሸው።